የማታ ፈረቃ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብርድ ልብስ ሠርቻለሁ፤
ጉድፉን በጣቴ፣ ሳላይ አውቀዋለሁ።
የሳተ ድር ካለ፣ የላላም ጠርዝ ካለ
እጄ ይደርስበታል፣ "እዚህ ጋ" እያለ።
በእኔ ድካም ስንቱ፣ የማላውቀው አገር፣ ተጠቅልሎ ሞቋል፤
የገዛ ቤቴ ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ግን
ገልጦ ማየት አቅቶኝ ሁለት ወር አልፎኛል።

ሥሩ ልጄ አለች።
ረድኤት ነው ስሟ፤ አሥረኛ ክፍል ነች።
ነበረች ልበል ወይ?
ንጋት ላይ ስመለስ፣ የበረሳ ውርጭ ጫማዬ ላይ ሳለ፣
ፊቷ ወደ ግድግዳ፤ የማታው ሽሮዋ ቆዳ አውጥቶ፣ እንዳለ።

"ምን ጎደለሽ?" አልኳት።
ጥያቄ መስሎኝ ነው። ክስ ኖሯል፤ ዘግይቶ ገባኝ።
"ጫማው ተገዛልሽ፤ ስልኩም ተገዛልሽ፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ
ከአንጎለላ እዚህ እመጣ ነበረ ኩበት ተሸክሜ።"
ኩበቱስ እውነት ነው።
ግን የእኔ ኩበት ለሷ ሌሊት ምኗ ነው?

ጎረቤት "ዓይን ነው"፣ ወንድሜ "ስንፍና"፤
ጠበል ይዣት ሄድኩኝ በማለዳ ደመና።
ውሃው በረዶ ነው። አልጮኸች፣ አልሸሸች።
ድሮ በሻሼ ቀለም ስትሞግተኝ የምትውል ልጅ
የሰው ገላ እንደተዋሰች ዝም ብላ ቆመች።
ያኔ ነው የፈራሁ።

ውዳላት ከጎኔ ቆማ ነው የምትሠራ፤
ማሽኑ እየጮኸ፣ በከንፈር ነው የምናወራ።
ሻይ ሰዓት ላይ ግን ጆሮዬ ሥር መጥታ፦
"ወንድሜን አጣሁት" አለች።
"አባት መከረው። ቄስ መከረው። እኔም መከርኩት።
የጠየቀው የለም።"
ኩባያዋን አጥባ ወደ ማሽኗ ሄደች።

በዚያው ሌሊት መብራት ጠፋና ፋብሪካው ዝም አለ።
ቤት ገባሁ። ከአልጋዋ ግርጌ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤
ዓይኗን እንዳላይ፣ ዓይኔን እንዳታይ፣ ጨለማው ደግ ነበር።
ብዙ ቆየሁ።
ከዚያ፦ "ረድኤት፣ መሞት ያሰኝሻል?"
ጥርሴ ተንገጫገጨ። ብርዱ ነው እንዳልል፣
የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገኝ ነኝ።

ውሻ ጮኸ። አንድ አይሱዙ ማርሽ እየቀየረ ወደ ጣርማበር አለፈ።
"አንዳንዴ" አለች።

"እግዚኦ" ሊያመልጠኝ ነው፤ "ለእኔስ አታስቢም?" ምላሴ ላይ ደርሷል።
ነከስኩት።
ደም ደም አለኝ።
እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ይዤ "ንገሪኝ" አልኳት።

"ምንም አልሆንኩም እኮ፣ እማ። እሱ ነው የከፋው።
ጠዋት ልነሣ ስል ሰውነቴ ሁሉ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤
ማን ያነሣልኛል?"

ይሄንንስ አውቃለሁ!
ከማቅለሚያው ገንዳ፣ ውሃውን እንደጠጣ፣
ለሦስት ሆነን ነው ተጋግዘን የሚወጣ፤
ጎበዝ ነኝ ያለች ወገቧን ይዛ ትቀራለች።
"ለብቻ አይነሣም" አልኳት። "እኔም ብቻዬን አንሥቼው አላውቅ።"
ሌላ ጥበብ የለኝ፤ ያለኝ ይሄ ነበር።

ማክሰኞ ሆስፒታል። ካርድ፣ ሰልፍ፣ አግዳሚ ወንበር።
ነርሷ፣ ከረድኤት ብዙም የማትበልጥ፣
"እናቴ፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁ" አለችኝ።
ወጣሁ። ከመውለዱ ይልቅ መውጣቱ ከበደኝ።
በሩን ብቻ አየሁ። ቀለሙ ተልጧል፤
አርባ ሁለት ቦታ ቆጠርኩ።
ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አልዳነችም፤ ምን ብዬ ልዋሽ።
ትናንት ግማሽ እንጀራ፣ ዛሬ ምንም።
ሐሙስ ፀጉሯን ታጠበች፤ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተኛች።
ማታ ልወጣ ስል እጠይቃታለሁ፤ በጣቷ ብቻ ትመልሳለች፦
ከአሥር ሦስት። ከአሥር ሁለት።

ዛሬ ግን በሩ ላይ ቆሜ ሻሼን ሳስር
አንድ ዓይን ብቅ አለ ከብርድ ልብሱ ሥር፦
"እማ፣ ቡኒው ከዚህ ሹራብ ጋር? በጭራሽ!"
የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሩምባ ነፋ። ደግሞ ነፋ።
"ምን ሆነ ቡኒው?" አልኩ፤
ቁጭ ብዬ
ተከራከርኳት።